ሃከሩና ሲሚንቶው በአንድ ደብተር

ልጁ ሱቄ ሲገባ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ትርጉሙ ቀይ ኮረብታ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጫማ የሚነጥቀው አፈር ግን ጥቁር ነው። ከረባት አስሯል፣ ላፕቶፕ በብብቱ ይዟል። ከመሀል ከተማ ታክሲ እየቀያየረ እኔን ፍለጋ መምጣቱን ሳይ አዘንኩለትና በርጩማ ሰጠሁት። እኔ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ። እሱ የመጣው «የሳይበር ደህንነት ፓኬጅ» ሊሸጥልኝ ነው። ዋጋው በዓመት 180,000 ብር።

ላፕቶፑን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ ሥዕል ያሳየኝ ጀመር። ኮፍያ ያጠለቀ ፊት የሌለው ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ከኋላው አረንጓዴ ቁጥር እንደ ዝናብ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ጥቃቱ መምጣቱ አይቀርም፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው» አለኝ።

«እሺ። በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል? ሲመጣስ ስንት ብር ይዞብኝ ይሄዳል?»

ዝም አለ። ቀጥሎ ያለውን ሥዕል አወጣ፤ እሱም ላይ ያው ባለኮፍያው ሰው አለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በብር የሚለካ ነገር አይደለም።»

በብር የማይለካ ነገር 180,000 ብር መባሉ አሳቀኝ። ሳቄን በሻይ ሸፈንኩት፤ ለእሱም አስመጣሁለት።

ጥያቄው ለማሳፈር አልነበረም። ከመነገዴ በፊት 11 ዓመት በአንድ የመድን ድርጅት ካሳ ክፍል ሠርቻለሁ። ሰው ሕይወቴ ተበላሸ ብሎ እያለቀሰ ሲገባ ፋይል ከፍቶ «የደረሰው ጉዳት፦» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነበርኩ። ርኅራኄ የሌለው ሥራ ይመስላል። ግን እዚያ ቤት ስለ ክፉ ቀን በድንጋጤ የሚያወራ ሰው አልነበረም። የሚኒባስ ስፖኪዮ በየሳምንቱ ይሰበራል፣ ዋጋው ትንሽ ነው። መጋዘን የሚቃጠለው በስንት ዘመን አንዴ ነው፣ ሲቃጠል ግን ባለቤቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ የምታስቀምጣቸው ስንት ጊዜ የሚለውን በስንት ብር ስታባዛው ነው። የሚወጣው ቁጥር ልክ ሆኖ አያውቅም። ቢሆንም አረቦን የሚተመነው በእሱ ነው፤ ድርጅቱም ዓመት ከዓመት የሚኖረው በእሱ ነው።

ሱቄንም የማስተዳድረው እንደዚያ ነው። ሲሚንቶ ርጥበት ይጠላል፤ ጣውላ አንጥፌ ከመሬት አነሳዋለሁ። እሳት እፈራለሁ፤ መድን ገብቻለሁ። የማላውቀው ሰው ዱቤ ሲጠይቀኝ አልሰጥም። ሴራሚክ ሲሰበር ደግሞ ችዬ እኖራለሁ፣ ከመቶ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸውን ዋጋው ላይ አስቀድሜ አስቤዋለሁ። መቀነስ፣ ማሻገር፣ መራቅ፣ መቻል። ሃከር የተለየ ፍጡር ስለሆነ አምስተኛ መንገድ ያስፈልገዋል ያለኝ ሰው እስካሁን አላሳመነኝም።

በዚህ ሰፈር ማታ ማታ ከገላን በኩል ጅብ ይጮሃል። አዲስ የመጣ ተከራይ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጅቡ ነው። እኔ ሱቅ ከከፈትኩበት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጅብ አንዲት ሚስማር አልወሰደብኝም። አይጥ ግን በየዓመቱ የጄሶ ከረጢት እየቀደደች ታፈስብኛለች።

ልጁ ከሄደ በኋላ ደብተር አወጣሁ። «ኢንተርኔት» ብዬ ርዕስ ጻፍኩና ወዲያው ሰረዝኩት። ካሳ ክፍል «መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆነ» ተብሎ ፋይል አይከፈትም፤ ግጭት ነው፣ ስርቆት ነው፣ መገልበጥ ነው ይባላል። እናም የጀመርኩት ሱቄ ውስጥ በእርግጥ ከሆነው ነገር ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አንድ ሰው አይሱዙ አቁሞ 32 ቆርቆሮና አንድ ካርቶን ሚስማር ገዛ። ድምሩ 38,400 ብር። ጨዋ ሰው ነበር አሉ፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። (ቆርቆሮ ገዝቶ የማይከራከር ሰው እዚህ ሰፈር ገና አልተወለደም፤ እሱ ብቻውን ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር።) እኔ ምሳ ላይ ነኝ። ሱቁን የያዘው የእህቴ ልጅ ነው። ሰውየው ስልኩን ትንሽ ነካካና «ገባልህ?» አለው። የሱቁ ስልክ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን 38,400 ብር ወደ ሂሳብዎ ገቢ ሆኗል» ይላል፤ የማጣቀሻ ቁጥር ሳይቀር አለው። ልጁ አነበበ፣ ቆርቆሮውን አስጫነ፣ ሚስማሩን ደግሞ ራሱ ተሸክሞ አወጣለት። ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ብሩ የለም። መልእክቱን ከፍቼ ሳየው የላከው ባንክ አይደለም፤ በ09 የሚጀምር ተራ የሰው ቁጥር ነው። ባንኩ ሲልክ ስሙ ነው የሚወጣው፣ ቁጥር አይደለም። ልጁ ያየው ጽሑፉን እንጂ ላኪውን አልነበረም።

እዚህ ውስጥ ባለኮፍያው ሰው የለበትም። ሳንቲም የምታወጣ አንዲት አጭር መልእክትና አንድ አይሱዙ ብቻ።

ቆርቆሮ ላይ የማገኘው ትርፍ ከመቶ ስምንት ገደማ ነው። ያንን 38,400 ብር ለመመለስ 480,000 ብር የሚያወጣ ቆርቆሮ መሸጥ አለብኝ። ይህን ስሌት ለእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት። ከቁጣዬ ይልቅ ወረቀቱ ነው ያስደነገጠው፤ ሁለት ቀን ምሳ አልበላም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል አለ፣ በኮምፒውተር ማጭበርበርን ያስቀጣል። የማመልከቻውን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከቆርቆሮው ግን ምንም አልጠበቅሁም፤ አሁን የአንድ ሰው ጣሪያ ሆኖ ዝናብ እየከለከለ ይሆናል።

በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሙከራ ሦስት ጊዜ ደርሶብናል፤ የተሳካው አንዱ ነው። በዓመት 19,200 ብር ብዬ መዘገብኩት።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። መልእክት ማንበብ ተውን። ሂሳቡን ራሳችን ከፍተን እናያለን፤ መተግበሪያው እምቢ ካለ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# እንደውላለን። የደንበኛ ስክሪንሾትማ እንደ ሥዕል ነው የማየው፤ ቆንጆ ነው እለዋለሁ እንጂ ደረሰኝ አልለውም። ችግሩ የሚመጣው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲሆን፣ ኔትወርኩ ይተኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የእኔ ገበያ ነው። ሳላይ ካልጫንኩ ደንበኛው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ይገዛል፤ ሳላይ ከጫንኩ አይሱዙው ተመልሶ ይመጣል።

ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ነገር ገንዘቡ መግባቱ በዓይናችን ሳይታይ እንዳይጫን፣ ከዚያ በታች ከሆነና ገዢው የምናውቀው ሰው ከሆነ እንዲጫን ወሰንኩ። 5,000 ከሰማይ አልወረደም። አንድ ደህና ቅዳሜ ከሚያስገባልኝ ትርፍ ላይ ሳልታመም ላጣው የምችለው እሱ ስለሆነ ነው። መድን ቤት ኤክሰስ እንለው ነበር፤ ባለንብረቱ ከኪሱ የሚችላት።

ጎረቤቴ እትዬ ጤፍ ነው የሚሸጡት። እሳቸው ላይ የደረሰው ደግሞ በድምፅ ነው። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ወጥቶልዎታል» ብሎ አንድ ልጅ ደወለላቸው፤ ስልካቸው ላይ የገባውን ቁጥር እንዲያነቡለት ለመናቸው። 14,000 ብር ሄደ።

«እትዬ፣ ቁጥሩን ነገሩት?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እናቴ እያለ ነው ያናገረኝ።» ስልኩን እንደ ፍም በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ። «ሌባ ቤቴ ቢገባ ውሻዬ ይጮሃል። ይሄ እንኳን ሊጮህ፣ ብሩ ሲሄድ ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን ብሎ ጻፈልኝ።»

ስቄ ሳልጨርስ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የሱቁ ስልክ ሚስጥር ቁጥር 2010 ነበር፤ ሱቁ የተከፈተበት ዓመት። ዓመቱ ደግሞ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቁጥሩን እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ ሁለቱ ጫኞችና ቀደም ብሎ ሥራ የለቀቀ አንድ ልጅ እናውቀዋለን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ቀዳጁ እኔው ነበርኩ። ቁጥሩን ቀየርኩ፣ አሁን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። ከሁሉ የረዳኝ ግን ሌላ ነው፦ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ያለውን ብር እዚያ ስልክ ላይ ወደሌለ ሂሳብ አስተላልፋለሁ፤ ስልኩ ላይ ከ10,000 ብር በላይ አያድርም። ስልኩ ቢሰረቅም፣ ሚስጥሩ ቢወጣም፣ ጣሪያው ታወቀ። ለዚህ በዓመት 5,000 ብር ያዝኩ።

ስለ አቅራቢዎቼ ባጭሩ። ቀለምና ቧንቧ የማስመጣባቸው ሰዎች ሂሳብ ቁጥራቸውን የሚልኩት በቴሌግራም ነው። አንድ ቀን የአንዱ አካውንት ተወስዶ «ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ላኩ» የሚል ቢመጣ፣ በአንድ ጊዜ 250,000 ብር ልልክ እችላለሁ። እኔ ላይ አልደረሰም። በ20 ዓመት አንዴ ብዬ 12,500 ጻፍኩ። መከላከያው ስልክ መደወል ነው፤ መልእክቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ድሮ በማውቀው ቁጥር፣ ድምፅ ሰምቶ፣ የልጆቹን ደህንነት ጠይቆ።

ወደ ሱቄ ላፕቶፕ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ደብተሩን የጀመርኩት ለእሱ ብዬ ነው።

ላፕቶፑ ራሱ ያረጀ ነው፤ ሌባ ቢወስደው እኔ ነኝ የማዝንለት። ውስጡ ያለው ግን የዱቤ መዝገብ ነው። ወደ 40 የሚሆኑ ኮንትራክተሮችና ግንበኞች፣ በዚያ ሰሞን ሲደመር 612,000 ብር። ያ ፋይል ቢጠፋ ከፊሉ በራሱ መጥቶ ይከፍለኛል። ከፊሉ «መቼ ነው የወሰድኩት?» ይለኛል። ሲሶው አይመለስም ብዬ 200,000 ብር ያዝኩ።

ዕድሉስ? እዚህ ላይ ራሴን ነው የመረመርኩት። ዊንዶውሱ ክራክ ነው፣ ሳይከፈልበት የተጫነ። ሂሳብ የምሠራበት ፒችትሪም ክራክ ነው፤ በዚህች አገር የተገዛ ፒችትሪ ያየ ሰው ካለ ሻይ እጋብዘዋለሁ። ማሻሻያ የሚባለውን አጥፍቼዋለሁ፤ አንድም ክራኩ እንዳይሰናከል፣ አንድም የሞባይል ዳታ ጥቅሌን ሌሊት ሲበላው ስላደረ። ፍላሹ ደግሞ ከሱቅ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሱቅ ይመላለሳል። በ2011 አንዴ ፍላሹ ከዚያ ይዞት በመጣው ቫይረስ ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነው አድረዋል። ያኔ አንድ የሰፈር ልጅ በ300 ብር መለሰልኝ፤ ተምሬበታለሁ ብዬ ነበር፣ አልተማርኩም።

በግንቦት 2009 (በፈረንጆቹ 2017) ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ 150 ገደማ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተር ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። የተያዘው በአብዛኛው ያላሻሻለው ነው። እኔ ማሻሻያውን የተውኩት ጥቅል ለመቆጠብ ነበር። ጥቅሉ በወር ስንት ነው? ዱቤውስ ስንት ነው? እንደ ካሳ ሠራተኛ የራሴን ፋይል ብከፍት «ባለንብረቱ ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረገም» ብዬ ካሳ እከለክለው ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ 20 የሆነውን ደግሞ ሳነብ ደጋግሜ ነው የሳቅሁት፤ በሰው መከራ አይሳቅም እንጂ። በፈጣን መንገዱ ከጅቡቲ መስመር በሚመጡት ከባድ መኪኖች ላይ «ሜርስክ» የሚል ኮንቴይነር አይታችሁ ይሆናል። የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ነው። ዩክሬን ውስጥ ሰው ግብር የሚሠራበት ኤም.ኢ.ዶክ የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር አለ፤ ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ በእሱ ማሻሻያ ተሳፍሮ ገባና ተሰራጨ። ሜርስክ አንድ ሰው ለይቶ አላነጣጠረበትም፣ የመንገድ ላይ ተመቺ ነው። 4,000 ሰርቨር (ሌሎቹ የሚገናኙበት ዋና ኮምፒውተር) እና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን እንደ አዲስ መጫን ነበረበት፤ ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በመላው መረባቸው ውስጥ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሰርቨሮች 150 ያህል ነበሩ፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ነው፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ ብለው ነበር የተኙት። ሁሉም በአንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ጋና ቢሮ ያለው። ለምን ተረፈ? ቫይረሱ ሲመጣ እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበር።

መብራት ጠፍቶ! እዚህ ሰፈር በሳምንት ሁለት ጊዜ የምንረግመው ነገር የዓለምን ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ አዳነ። ታሪኩ እዚያም አያልቅም፦ ዲስኩን ከጋና ወደ እንግሊዝ የሚያደርስ ሠራተኛ ሲፈለግ የእንግሊዝ ቪዛ ያለው ጠፋ። ስለዚህ አንዱ ወደ ናይጄሪያ በረረ፣ ኤርፖርት ላይ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፣ እሱ ይዞት ለንደን ገባ። ኢሚግሬሽን ተሰልፈን የምናውቅ ሰዎች ይህን ያለ ማብራሪያ እንረዳዋለን።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ ቅጂ ማለት ከኮምፒውተሩ ጋር ያልተሰካ ነው። ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በ11,600 ብር ገዛሁ። አንዱ ኮዬ ፈጬ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ አንዱ ሱቅ ነው፤ በየቅዳሜው ይቀያየራሉ። የተሰካ ዲስክ ስልኩን እንደ ሰካ ሰው ነው፣ መብረቁ ሲመጣ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ የዱቤ ዝርዝሩን በሳምንት አንዴ አትማለሁ፤ ስድስት ገጽ ነው። ባለዕዳው ሲመጣ ስሙ አጠገብ ይፈርማል። ወረቀት ቫይረስ አይዘውም፤ አይጥ ሊበላው ይችላል፣ ስለ አይጥ ግን ልምድ አለኝ።

«መድን ብትገባስ?» የሚለኝ የድሮ ባልደረባ አለ። ለባልደረባዬ የነገርኩት የሜርክን ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች። በዚያው በኖትፔትያ ተመትቶ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ሲጠይቅ መድን ሰጪዎቹ ይህ የመንግሥት ጥቃት ነው፣ ጦርነት ደግሞ ውላችን ውስጥ የለም አሉት። ፍርድ ቤት መጀመሪያም፣ በይግባኝም በ2023 (በፈረንጅ) ለሜርክ ፈረደ፤ የቀሩት በ2024 መጀመሪያ ተስማሙ። ከቫይረሱ እስከ ስምምነቱ ስድስት ዓመት ተኩል። ለጠበቃ የሚከፍል ኩባንያ ስድስት ዓመት ይጠብቃል፤ እኔ ስድስት ሳምንት ቆርቆሮ ካላስመጣሁ ተከራይ ነኝ፣ ሱቁን አስረክባለሁ። እና ለዚህ አደጋ ማሻገር የሚለው መንገድ ለእኔ ዝግ ነው። ላፕቶፑን በስምንት ዓመት አንዴ ብዬ 25,000 ብር ጻፍኩለት።

አንድ ነገር ደብተሬ ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸገረኝ። ዱቤ የምሰጣቸውን ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ እየቃኘሁ አስቀምጥ ነበር። ያ ቢሾልክ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ በእነሱ ስም ሲም የሚያወጣ፣ ብድር የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል። የእኔ ዓምድ ላይ ግን ዜሮ ነው። ስንት ጊዜን በስንት ብር ማባዛት እዚህ ላይ ያንሸዋርራል፣ የራስህን ኪስ ብቻ ነው የሚያይልህ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እንዲህ ያለውን ነገር በኃላፊነት መያዝ ግዴታ ሆኗል፤ እኔን ግን ያስነሳኝ አዋጁ ሳይሆን አንዱ ግንበኛ «ጋሼ መታወቂያዬ አንተ ጋ ነው አይደል?» ብሎ በሙሉ እምነት መጠየቁ ነው። ስምና ስልክ ቁጥር ትቼ የመታወቂያዎቹን ቅጂ ሁሉ አጠፋሁ። ያላስቀመጥከውን ማን ይሰርቅሃል።

አንዳንዱ ክፉ ቀን ደግሞ ሌባ የለበትም። በመጋቢት 2016 በንግድ ባንክ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ብር ያወጡበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ባንኩ መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርሶታል፣ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ ሲስተም ችግር ነው ብሏልም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሃከር አልነበረም። ያኔ ሱቄ ብዙም አልተነካም፤ ቴሌብር ገና አልተጀመረም፣ ግንቦት 2013 ነው የመጣው፣ ደንበኛዬ የሚከፍለኝ በጥሬ ብር ነበር። ዛሬ ያው ሦስት ሳምንት ቢደገም? ከአሥር ደንበኛ ሰባቱ በስልክ ነው የሚከፍለኝ። አደጋው ያው ነው፣ ዋጋው ግን እኔ ስለተቀየርኩ ተቀየረ። ለዚህ በሁለት ባንክ ሂሳብ ከፈትኩ፣ የአንድ ሳምንት የጥሬ ብር መንቀሳቀሻም ካዝና ውስጥ አለ። ካዝናው ደግሞ የራሱ ሌባ አለው፤ እሱ በሌላ ገጽ ተጽፏል።

ደመርኩት። 19,200፣ 5,000፣ 12,500፣ 25,000፤ በዓመት 61,700 ብር። ቁጥሮቹ ግማሽ በግማሽ ግምት ናቸው፤ ሁለት እጥፍ ብሳሳት እንኳ 123,400 ነው፣ ፓኬጁ 180,000። በዚያ ላይ ፓኬጁ ሊነካቸው የሚችለው የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ነው፣ 37,500። ጎርደንና ሎብ የሚባሉ ሁለት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2002 (በፈረንጅ) ባወጡት ስሌት፣ በወሰዷቸው ሁኔታዎች፣ ለመረጃ ደህንነት የሚወጣው ገንዘብ ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቀው ኪሳራ ከመቶ 37 በላይ መሆን እንደሌለበት አሳይተዋል። የ37,500 ከመቶ 37 ወደ 13,900 ይመጣል። ሁለቱ ዲስኮች 11,600። አጋጣሚ ነው፣ ግን ሳየው ደስ አለኝ።

እና ያው ደብተር ላይ፣ ሦስት ገጽ ቀደም ብሎ፣ አምና ያልተመለሰ ዱቤ 94,000 ብር። በራሴ መዝገብ ከሃከሩ በላይ የጎዳኝ ጠዋት ጠዋት «ሥራ እንዴት ነው ወንድሜ» እያለኝ የሚያልፈው ኮንትራክተር ነው። እሱን የሚያቆምልኝ ፓኬጅ ቢኖር ያለ ክርክር እገዛው ነበር።

ከረባት ያሰረው ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ቁጥሮቹን አነበብኩለት። አልተቆጣም፤ «ጋሼ፣ ይሄንን በፎቶ ይላኩልኝ» አለኝ። ላኩለት። ሌላ ዓይነት አገልግሎት ልሞክር ነው ብሏል፦ በየሱቁ ዞሮ ዊንዶውስ ማሻሻል፣ ቅጂ ማስቀመጥ፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፤ በአንድ ጊዜ 2,000 ብር። እሺ መጀመሪያ እትዬ ጋ ግባ አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ኔትወርክ እንደልማዱ ተኛ። አንድ ሰው 6 ኩንታል ሲሚንቶ ፈልጎ መጣ፣ ልኬያለሁ ብሎ ስልኩን አሳየ። የእህቴ ልጅ ሂሳቡን ሊያይ ሞከረ፤ አልከፈት አለ። በ*127# ሞከረ፤ እሱም። ሰውየው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ «ሌባ እመስልሃለሁ?» ብሎ ተነሳና መንገዱን ተሻገረ። ከማዶ ያለው ባለሱቅ ሳያይ ጫነለት። ኔትወርኩ ሲመለስ ሂሳቡን ከፈትን፤ ሰውየው እውነቱን ነበር፣ ብሩ ገብቷል። የእህቴ ልጅ ሮጦ ተሻገረና ይቅርታ ጠይቆ ብሩን መልሶ ላከለት።

ተመልሶ ሲመጣ ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶ ይዞ ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄ የት ነው የሚገባው? አልተሰረቅንም እኮ።»

የቅዳሜውን መስመር በጣቴ አሳየሁትና እሱ ጻፈ፦ ኔትወርክ የለም፣ የሄደ ደንበኛ 1፣ የቀረ ትርፍ፤ ከዚያ ካልኩሌተሩን ወደ ራሱ ሳበ።